ገመድ ላይ ያለ ሰው አይጠራም

ባለፉት ሳምንታት ይህን ታሪክ ያልተከታተላችሁ ካላችሁ ብዙ አላመለጣችሁም። አንዲት ልጅ አንድ ሰው ወደደች፤ ሰውየውም ወደዳት፤ አባቷ ሰሙና አልወደዱም። የፍቅር ነገር መቼም መጀመሪያው ይኸው ነው፣ የሚለያየው አካሄዱ ነው። የእነዚህ የሁለቱ አካሄድ ወደ ገደል ነበር። ይህን የምለው እንዲያው ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም፣ እውነተኛ ገደል ነው።

ልጅቷን ቤተሰቡም ሠራተኛውም «ሚጢጢ» ይሏታል። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ተመልሳ፣ ቁመቷ ከአባቷ በልጦ እንኳ ስሙ አልለቀቃትም። አባቷ፣ ሁሉም ሰው «ጋሼ» የሚላቸው፣ በረሃው ጫፍ ላይ የችግኝ ጣቢያ አላቸው። የሚያባዙትም የሚሸጡትም አንድ ተክል ብቻ ነው፤ ሠራተኞቹ «ዱቄቴ» እያሉ የሚጠሩት የገደል ተክል።

ዱቄቴን ላላያችኋት ልንገራችሁ። ግንድ አላት ለማለት ይቸግራል። ወፋፍራም ቅጠሎቿ ተደራርበው፣ ክብ ሠርተው፣ እንደ ፈነዳ ጽጌረዳ ይነጠፋሉ። ሌላ ነገር በማይበቅልበት በረሃ፣ ጣት በማያስገባ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ትበቅላለች። ዝናብ ልቧ ላይ እንዳይተኛባት ዘመም ብላ ነው የምታድገው፤ ልቧ ውሃ ከቋጠረ ትበሰብሳለች፣ ያውም ከውስጥ ስለሆነ ላይዋን አይታችሁ አታውቁም። ቅጠሎቿ ከላይ እስከ ታች ነጭ ዱቄት ለብሰዋል። ያንን ሁሉ ፀሐይ የምትችለው በእሱ ነው። ታዲያ ይህን ዱቄት አንዴ በጣት ከነካችሁት አሻራችሁ እዚያው ይቀራል። ቅጠሉ ደርቆ እስኪወድቅ ድረስ አይጠፋም፣ በቦታውም ሌላ ዱቄት አይተካም። ስለዚህ በጋሼ የመስታወት ቤት ውስጥ የመጀመሪያው ሕግ «ማሰሮውን እንጂ ቅጠሉን አትንካ» የሚል ነው። ሕጉን የጣሰ ሠራተኛ በዚያው ቀን ይሸኛል።

ሕጉን እየደጋገመች የምትጥሰው ግን የባለቤቱ ልጅ ነበረች።

ሰውየው «ባለገመዱ» ነው የሚባለው። ሥራው ከገደሉ አናት በገመድ እየወረደ፣ ለጣቢያው ችግኝ የሚባዛባቸው እናት ዱቄቴዎችን ከስንጥቃቸው ፈልቅቆ ማምጣት ነው። የሚያድረው ገደሉ ሥር ባለች ቆርቆሮ ቤት ነው፤ እዚያ ስልክ አይሠራም፣ የሚሠራው ነፋስ ብቻ ነው። እሷ የአባቷ ብቸኛ ወራሽ፣ እሱ እጁ ላይ ካለው ጠባሳ በቀር የእኔ የሚለው የሌለው። አክስቷ ነገሩን የሰሙ ዕለት «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!» ብለው ሳቁባት። ሳቃቸው ግን ቶሎ ጠፋ። ሁሉም ሰው «እትዬ» የሚላቸው እኚህ አክስት ባላቸው ገመደኛ ነበር፤ ከዚያው ገደል ወድቆ ነው የሞተው። ጋሼም «ልጄን ለገመደኛ አልድርም» ሲሉ ንቀት ብቻ አልነበረም። የታላቅ እህታቸውን ለቅሶ አይተዋል።

ጋሼ ነገሩን እንደደረሱበት ልጃቸውን ቃል አስገቧት። እሳቸው ውሳኔያቸውን እስኪናገሩ ድረስ ባለገመዱን ላታናግረው፣ ላትደውልለት፣ ላትጽፍለት። ሚጢጢ ቃሏን የምታከብር ልጅ ናት። ግን ቅጠል መንካት መናገር ነው ያላት ሰው የለም። በመጨረሻው መደርደሪያ ላይ ማሰሮዋ ከንፈሯ የተሸረፈ፣ ገዢ የማያያት አንዲት ዱቄቴ ነበረች። በበሩ በኩል ባለው ቅጠል ላይ አውራ ጣት ከታተመ «እሺ» ማለት ነው፤ በመስኮቱ በኩል ከሆነ «ተው» ማለት ነው። ባለገመዱ ጀሪካኑን ሊሞላ መደርደሪያው አጠገብ ወዳለው ቧንቧ ሲገባ አይቶ ይመልስላታል። የእሱን አውራ ጣት ከሺህ ጣት ትለየዋለች፤ ሰፊ ነው፣ መሐሉን ጠባሳ አቋርጦታል። ማንም ሳያይ የራሷን ጣት ከአሻራው በላይ፣ ሳታስነካ፣ ዘርግታ ትቆማለች። እንዲህ ያለ ነገር የሚያስቀው ፍቅር ያልያዘውን ሰው ብቻ ነው።

ጋሼ ነገሩን ያነሱት ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ባኮረፈበት ዕለት ነው። ባለገመዱን ወደ መስታወቱ ቤት አስጠሩት። ሚጢጢና እትዬ መደርደሪያው ጋ ቆመው ውሃ ያጠጡ ነበር፤ በጎን በኩል፣ በቀስታ፣ የተክሉን ልብ ሳያስነኩ።

ጋሼ ዙሪያ ጥምጥም አላሉም።

«ልጄን ትፈልጋለህ አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«ከልብህ?»

«ከልቤ።»

«እንግዲያው አሮጊቷን አውርድልኝ። ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

«አሮጊቷ» ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። ገደሉ ወገብ ላይ ትሪ የምታህል አንዲት ዱቄቴ አለች። የጋሼ አባት ልጅ ሆነው አይተዋታል ይባላል። ከሥር ሆኖ ለሚያያት ድንጋይ ላይ የተለጠፈች ነጭ ሰሃን ናት፤ በአበባዋ ወቅት ቀያይ አገዳዎቿን ወደ ባዶው አየር ትዘረጋለች። የእትዬ ባል የሞተው እሷን ሊያወርድ ሄዶ ነው። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ስሟን አንስተው አያውቁም ነበር።

እትዬ ውሃ ማጠጫውን እንዳዘነበሉ ቀሩ። ውሃው የአንዷን ዱቄቴ ልብ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ነጩ ዱቄት ታጥቦ አረንጓዴው ገላዋ ወጣ። ማንም ልብ አላለውም።

«አንተ ሰው፣ ጤናህን ነው?» አሉ ወንድማቸውን።

«እትዬ፣ እዚህ ውስጥ አትግቢ።»

«ከዚህ በላይ የት ልግባ? ባሌን ያስገባሁ ሰው!»

ጋሼ ፊታቸውን ወደ ባለገመዱ መለሱ። ባለገመዱ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ «መልሴን ነገ እነግርዎታለሁ» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ሚጢጢን አያት። ምን ልበል የሚል ዓይን ነበር፤ ቢያንስ እሷ እንደዚያ ነው ያነበበችው። ዓይን መቼም እንደ አንባቢው ምኞት ነው የሚነበበው። አፏን ከፍታ «ምንም አትበል፣ ዝም ብለህ ውጣና ሂድ» ልትለው ፈለገች። የገባችው ቃል ምላሷን ያዛት። እሱ ወጣ።

ማምሻውን ዘነበ።

በረሃ ላይ ዝናብ ሲዘንብ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። ሠራተኞቹ ወደ ደጅ ወጥተው እጃቸውን ዘረጉ፤ ማንም ሳያዛቸው ባልዲ ደረደሩ። ሚጢጢ ብቻ መስኮቱ ጋ ቆማ በየጠብታው ትሳቀቅ ነበር። ገመደኞች አንድ የማያፈርሱት ሕግ አላቸው፤ ከዝናብ በኋላ ድንጋዩ በደንብ ሳይደርቅ ገመድ አይወርድም። ውሃው ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ድንጋዩን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይልጠዋል። ላዩ ጠንካራ ይመስላል፣ እግር ሲያርፍበት ግን ተገንጥሎ ይሄዳል። የእትዬ ባልም የወረደው ከዝናብ ማግስት ነው።

ጎሕ ሲቀድ ሚጢጢ ወደ መስታወቱ ቤት ገባች። በመስኮቱ በኩል፣ ለልቧ በቀረበው ቅጠል ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች። እንደወትሮው ለስለስ አድርጋ አልነበረም፤ ቅጠሉ እስኪጎብጥ ነው የተጫነችው። ተው። ጣቷን ስታነሳ ዱቄቱ ቆዳዋ ላይ ቀርቶ ነበር፤ በቀሚሷ ጠረገችው፣ ትንሽም ቀለላት።

እትዬ ከኋላዋ ገቡ። ቀኑ የማዞሪያ ቀን ነበር። ዱቄቴዎች ብርሃን ወዳለበት ወደ መስኮቱ ያዘነብላሉ፤ እንዳይጣመሙ በየጊዜው ማሰሮው ግማሽ ዙር ይዞራል። ይህን ሥራ አክስትና የወንድም ልጅ ዓመታት ሠርተውታል። እጅ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ጭንቅላት አያስፈልገውም። አንዷ ከዚያኛው ጫፍ፣ አንዷ ከዚህኛው እየጀመሩ፣ ወሬ እያወሩ ይጨርሱታል።

ያን ጠዋት እትዬ ልጅቷን ሊያስቋት ቆርጠው ነበር የመጡት። እሳቸው መንፈሱ የከበደበትን ሰው ሲያዩ ዝም ማለት አይሆንላቸውም።

«ጎማ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?» አሉ። ጎማ የጣቢያው ሾፌር ነው፤ ክብ ነው፣ ስሙ ከሥራውም ከመልኩም የመጣ ነው። ባለገመዱ ሲወርድ ከላይ ሆኖ ገመዱን የሚይዝለትም እሱ ነው።

«ምን አለሽ?»

«‹እትዬ፣ ብቻሽን ከምታረጂ ለምን አብረን አናረጅም› አይለኝም!»

«ወይኔ! አንቺስ ምን አልሽው?»

«‹አንተን ከመሸከም በዚህ ዕድሜዬ የመኪና ጎማ ብቀይር ይቀለኛል› አልኩት። ‹እሱንም አብረን እንቀይራለን› አለኝ እኮ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ!»

ሚጢጢ ሳቀች። ከስንት ቀን በኋላ ነው እንደዚያ የሳቀችው፤ እንባዋ እስኪመጣ ድረስ። እየሳቀችም እጇ ሥራውን አላቆመም። አንዱን ማሰሮ ያዘች፣ አዞረች፤ ሌላውን ያዘች፣ አዞረች። የመጨረሻዋን፣ ከንፈሯ የተሸረፈውንም፣ ያዘችና አዞረች። ከዚያ ክንዷን በአክስቷ ክንድ ውስጥ አስገብታ ወጡ። ልቧ ቀለል ብሏት ነበር፣ እንዲያውም ተስፋ ቢጤ ሳይሰማት አልቀረም።

ረፋዱ ላይ ባለገመዱ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ መጣ። ሚጢጢ በግቢው ማዶ፣ ማሸጊያው ክፍል ውስጥ፣ ሳጥን እያሰረች በመስታወቱ አየችው። ጀሪካኑን ቧንቧው ሥር አድርጎ ወደ መጨረሻው መደርደሪያ ዞረ። ጎንበስ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ቆመ፣ ብዙ ቆመ፤ ጀሪካኑ ሞልቶ እግሩ ሥር እየፈሰሰ እንኳ አልሰማም። ምን እንዲህ ያስቆመዋል ብላ አሰበች። በመጨረሻ ዞረና በሁለቱ መስታወቶች ውስጥ አሻግሮ አያት። ፈገግ አለ። እሷም ሙሉ ፊቷን አብርታ ፈገግ አለችለት፤ ራሷንም ነቀነቀች፣ አዎ ልክ ነህ፣ እንደዚያው አድርግ እንደማለት። ከዚያ በፊት እንደዚያን ጊዜ ወዳው አታውቅም።

ቤቱ ባዶ ሲሆን ገባች። መልስ ትቶላት ይሆናል ብላ ነው። ደፉን እንደረገጠች አንድ ነገር ቅር አላት፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ሁለት ሦስት እርምጃ ወሰደባት። ዱቄቴዎቹ ሁሉ፣ ያ ሁሉ ረድፍ፣ ለመስኮቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ በሩ አዘንብለዋል። ወደ እሷ።

ክው አለች።

ከንፈሩ የተሸረፈው ማሰሮም ዞሯል። ጠዋት እስኪጎብጥ የተጫነችው ቅጠል በበሩ በኩል ነው ያለው። አጠገቡ ሰፊ አውራ ጣት ታትሟል፤ መሐሉን ጠባሳ አቋርጦታል። እሺ ብላው፣ እሺ ብሏት ሄዷል ማለት ነው። እጇን አየችው። በገዛ እጇ፣ ያውም እየሳቀች።

ወደ አባቷ ቢሮ ሮጣ ስትገባ ጋሼ ጠረጴዛቸው ላይ ክርናቸውን ተክለው፣ ባዶውን ግድግዳ እያዩ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አባዬ፣ ምን አለህ?»

«‹እወጣለሁ› አለኝ።»

«ዘንቧል እኮ! ድንጋዩ እርጥብ ነው!»

«ነገርኩት። ‹ዘንቧል እኮ› አልኩት። ‹አውቃለሁ› ብሎ ጎማን ይዞት ሄደ። ይሄዳል ብዬ አይደለም፣ ልጄ። እምቢ ይለኛል ብዬ ነው።»

«ምን?»

«የእትዬን ባል ያህል ደፋር ሰው አላውቅም። ደፋር ምን ያደርግልኛል? እኔ ለአንቺ የምፈልገው ፈሪ ነው፤ ማታ ማታ ቤቱ የሚገባ ፈሪ! ‹ጋሼ፣ ለአንድ ተክል ብዬ አልሞትም፣ ልጅዎን ይዤ እኖራለሁ› ቢለኝ ኖሮ በዚያችው ደቂቃ ነበር የምመርቃችሁ። ማታ ሲዘንብማ ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት፤ አሁንማ በፍጹም አይወጣም ብዬ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከውም?»

«ከነገርኩትማ ምኑን ፈተንኩት?»

አስቡት እንግዲህ። አባትም እንዳይወጣ ፈለጉ፣ ልጅም እንዳይወጣ ፈለገች፣ አክስትም እንዳይወጣ ፈለጉ። ሦስቱም አፍ ነበራቸው። አንዱን ቃል በግልጽ የተናገረ ግን የለም፤ የተናገሩት እትዬ ቢሆኑ አትግቢ ተባሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፣ አዎ፤ ከአፍ ሳይወጣ የቀረው ግን ሰውየውን አፋፍ ላይ አወጣው።

«አስነሳው» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። እትዬ ነበሩ። ጫማቸውን ቀይረው፣ ሻርፓቸውን አጥብቀው አስረዋል። «ፒካፑን አስነሳው እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?»

ባላቸው ከሞተ ወዲህ እትዬ ወደዚያ ገደል ሄደው አያውቁም። ከመኪናው መሐለኛ መቀመጫ ላይ፣ በወንድማቸውና በልጅቷ መሐል ተቀምጠው፣ መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እትዬ ዝም ማለታቸው ሚጢጢን ከገደሉ በላይ አስፈራት።

ሲደርሱ ባለገመዱ ገመድ ላይ ነበር።

ገደሉ በርጥበት ጠቁሯል፤ አልፎ አልፎ ልጣጩ የተነሳበት ቦታ እንደ ትኩስ ቁስል ይቀላል። ከላይ አፋፉ ላይ የጎማ ክብ ጭንቅላት ብቅ ጥልቅ ይላል። ገመዱ ከሩቅ ክር ነው። በክሩ ጫፍ ባለገመዱ ተንጠልጥሏል፤ ከእሱ ትንሽ ዝቅ ብላ አሮጊቷ አለች፣ ነጭ፣ ሰፊ፣ ዘመም ያለች። ከዝናቡ በኋላ ቅጠሎቿ ውሃ ጠጥተው ወፍረዋል፤ ቀያይ አገዳዎቿ በነፋሱ ይወዛወዛሉ። ውብ ነበረች። ሚጢጢ በዚያች ሰዓት እሷን የጠላችውን ያህል ሰው እንኳ ጠልታ አታውቅም።

ከመኪናው ዘላ ወረደች። አየር ስባ ልትጮህ ስትል የእትዬ መዳፍ አፏን ግጥም አድርጎ ዘጋው።

«ገመድ ላይ ያለ ሰው አይጠራም።»

ሚጢጢ ታገለች። እትዬ አልለቀቋትም።

«ተጠርቶ ዞር ካለ ክብደቱ ይዞራል። ዝም በይ፣ የእኔ ልጅ። ዝም በይ። እኔ ጠርቼ አይቻለሁ።»

ሚጢጢ ትግሏን አቆመች። ይህን ከእትዬ አፍ ሰምታው አታውቅም፤ ማንም ሰምቶት አያውቅም። ጋሼ ቀስ ብለው እህታቸውን አዩ። ከዚያ እኚያ ሠራተኛ የሚንቀጠቀጥላቸው ሰውዬ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ።

«አምላኬ፣ ብቻ በሕይወት አውርድልኝ» ሲሉ ይሰማል። «አውርድልኝ እንጂ እሰጠዋለሁ። ምንም አልልም፣ ምንም አልጠይቅም፣ እሰጠዋለሁ።»

ባለገመዱ እግሩን ወደ አሮጊቷ ዘረጋ። የረገጠው ድንጋይ ተላጠና ወረደ፣ እየተንከባለለ መጥቶ ከእነሱ ጥቂት ራቅ ብሎ ፍርክስክስ አለ። እሱ ገመዱ ላይ ዥው ብሎ ሄዶ ተመለሰ። ትከሻው ከግድግዳው ጋር ሲላተም ድምፁ እዚህ ድረስ ተሰማ። ሚጢጢ የአክስቷን መዳፍ ነክሳ ነበር፤ እትዬም እጃቸውን አልሳቡም። እንደገና እግሩን ዘረጋ። ያዘ። ተጠጋ። ሁለት ክንዱን አሮጊቷ ሥር አስገብቶ ወደ ደረቱ አቀፋት፤ እንዲህ ዓይነት እቅፍ ሚጢጢ ለራሷ ነበር የምትመኘው። ትንሽ ወዘወዛት። ሥሯ ተበጠሰ። አብሮም የበር መዝጊያ የሚያህል የድንጋይ ልጣጭ ከገደሉ ተለይቶ ሄደ፤ አቧራው ሁሉንም ሸፈነው።

አቧራው ውስጥ ማንም የለም።

ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ አትጠይቁኝ። ሚጢጢ ቢጠይቋት ዓመት ነው ትላለች። አቧራው ሲሳሳ መጀመሪያ የታየው ገመዱ ነው፤ ተወጥሯል። ከዚያ እግሩ። ከዚያ እሱ፣ አሮጊቷን እንዳቀፈ፣ በዝግታ እየተሽከረከረ፣ ጎማ ከላይ ቀስ እያለ ሲለቅለት። እግሩ መሬት ሲነካ እሷ ደርሳለች። አንገቱ ሥር ገብታ ነፍሷ እስኪወጣ አለቀሰች፤ እሱም በአንድ እጁ አቀፋት፣ በሌላው እጁ ተክሉን ይዟል። የተክሉ ዱቄት ሁሉ ሸሚዙ ላይ ተለቅልቆ፣ አሮጊቷ አረንጓዴ ገላዋ ወጥቶ፣ አንድ ተራ ጎመን መስላለች።

«ተው ነበር ያልኩህ» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «በመስኮቱ በኩል ነው ያተምኩት። ከዚያ ስናዞር ማሰሮውን አዞርኩት፣ እጄ ለምዶበት። ልገድልህ ነበር። በገዛ እጄ።»

እሱ ዓይኑን ወደ ተክሉ አዞረ። አለመገረሙ ገርሟት ቀና ብላ አየችው። መስታወቱ ውስጥ ያን ያህል ቆሞ የነበረው ሰው ትዝ አላት፣ እግሩ ሥር የሚፈሰው ውሃም።

«አይተኸው ነበር?» አለች በቀስታ።

ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«ሁሉም ወደ በሩ አዘንብለው ነበር» አለ። «መዞራቸው ገብቶኛል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ… ከልጅነቴ ጀምሮ አሮጊቷ ሥር ተኝቼ ሳያት ነው የኖርኩት። ጠዋት ስነሳ እሷን ነው የማየው። ምክንያት አልነበረኝም እንጂ ሁልጊዜ ልቤ እዚያ ነበር። አባትሽ ምክንያቱን ሰጡኝ። አሻራሽን በበሩ በኩል ሳየው ደግሞ… እሺ ብላለች ብዬ ራሴን አታለልኩት። ፈልጌ ነው ያታለልኩት።» ቀና አለ፤ ዓይኑ እርጥብ ነበር። «ለአንቺ ብዬም ነው። እወድሻለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች።

እውነቷን ነው፣ ታውቃለች። እንደሚወዳት ለአፍታም አልተጠራጠረችም። የጨነቃትም ይኸው ነው። ባይወዳት ኖሮ ጥላው ትሄድ ነበር። እሷ ግን እየተወደደች፣ በዚያው ልብ ውስጥ ከእሷ በፊት የገባ ሌላ ነገር እንዳለ አየች፤ እንባዋም በአንድ ጊዜ ደረቀ።

ጋሼ ጉልበታቸው ጭቃ እንደሆነ፣ እጃቸውን ዘርግተው መጡ። ይህን ሁሉ አልሰሙም።

«ሰጥቻለሁ!» አሉ እያለቀሱም እየሳቁም። «አምላክ ምስክሬ ነው፣ ሰጥቻለሁ! ብቻ ከዛሬ ወዲያ ገመድ የሚባል ነገር የለም፤ ሰማኸኝ? ጣቢያው ውስጥ ከእኔ ጋር ትሠራለህ።»

«እሺ ጋሼ» አለ ባለገመዱ። «ከዛሬ ወዲያ ገመድ አልነካም። እምላለሁ።»

ከልቡ ነበር የማለው። ይህንን ሲል ግን ዓይኑ ከጋሼ ራስ በላይ አልፎ ወደ ገደሉ ሄደ። ሚጢጢ ዓይኑን ተከትላ አየች። አሮጊቷ ከነበረችበት ቀይ ጠባሳ በላይ፣ ያ ልጣጭ ሲነሳ በተገለጠ ስንጥቅ አፍ ላይ፣ ከዚህ በፊት ከሥር የማትታይ አንዲት ነጭ ነጥብ ነበረች፤ ሌላ ዱቄቴ።

«አንቺስ፣ ልጄ?» አሉ ጋሼ። «ምን ትያለሽ?»

የእትዬ እጅ ጀርባዋን ያሻሽ ነበር፤ ቆመ። ሚጢጢ ዞራ አክስቷን አየች። ቀልድ አልነበረም፣ ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም፤ ሂጂም አላሏት፣ ቅሪም አላሏት። ሮጣ ፒካፑ ውስጥ ገብታ በሩን መዝጋት አማራት። ደግሞ ይህን ሰው ትታ የምትኖርበትን ቤት በሐሳቧ ፈለገችው፣ አላገኘችውም።

«እሺ» አለች።

ይህችን ቃል ጮክ ብላ የምትናገርበትን ቀን ስትናፍቅ ነው የከረመችው። አሁን ስትላት ከንፈሯ ቀዝቅዞ ነበር። የባለገመዱን እጅ ያዘች፣ አጥብቃ ያዘች፣ ጣቶቿ እስኪነጡ ድረስ።

«ኧረ አመምሽኝ» አላት እየሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። አልለቀቀችውምም።